መሠረቱ ሳይቆፈር

ልጄ፣ መሰላ ላይ ያገኘኸውን ቦታ አጥረህ ፕላን ልታሠራ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ባለቤትህ ስትደውልልኝ «ጂ ፕላስ ዋን ይሁን ብለናል፤ ከታች ሳሎንና ማዕድ ቤት፣ መኝታዎቹ ከላይ» አለችኝ። እናትህም አብረዋችሁ ሊገቡ እንደሆነ ነገረችኝ። ይህን የምጽፍልህ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ነገሩ በስልክ የሚያልቅ አይደለም።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በግንበኝነት ነው። እዚሁ ሐረርጌ ውስጥ፣ ከአሰበ ተፈሪ እስከ ሂርና፣ ከቁኒ እስከ በዴሳና ገለምሶ ድንጋይ ጠርቤ፣ ብሎኬት ደርድሬ፣ ለስኜ ኖሬያለሁ። ያኔ ያሠሩኝ ሰዎች እንዳንተ ጉልበታቸው ያልጎደለ፣ ቡናና ጫት ሸጠው ወይም ዓረብ አገር ሠርተው ገንዘብ የያዙ ጎልማሶች ነበሩ። ዛሬ አብዛኞቹ ምርኩዝ ይዘዋል። ልጠይቃቸው ስሄድ ዓይኔ ግድግዳው ላይ አያርፍም። ሰውየው ከአልጋው ተነስቶ ደጅ እስኪደርስ በየት በኩል እንደሚዞር፣ ምኑን እንደሚደገፍ፣ የት ላይ ቆሞ ትንፋሹን እንደሚሰበስብ ነው የማየው። ፎቅ ላይ ሁለት መኝታ እያላቸው ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው የሚያድሩ ባልና ሚስት አውቃለሁ። ላይኛው ክፍል የእህል ጆንያና የልጆች አሮጌ ደብተር ማስቀመጫ ሆኗል። ቤቱ አልፈረሰም፣ አልተሰነጠቀም፤ ለእነሱ ግን ግማሹ የለም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምለምንህ ይህን ነው፦ አልጋችሁ፣ ሽንት ቤታችሁ፣ ውሃችሁና ምድጃችሁ ምድር ላይ፣ በአንድ ወለል፣ በመካከላቸው አንዲት ደረጃ ሳይኖር ይሁኑ። ይህ ፕላኑ ላይ እያለ የእርሳስ ሥራ ነው። ግድግዳው ቆሞ ሊሾው ከፈሰሰ በኋላ ግን መዶሻና መሮ፣ አዲስ ሲሚንቶ፣ ቤት ለቅቆ ሰው ቤት መከራየት ነው። ያውም በዚያን ጊዜ ገንዘቡም ጉልበቱም የለም።

እርጅና ገና ሩቅ ነው ትለኝ ይሆናል። እኔ በተወለድኩበት ዘመን የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ዐርባ ዓመት እንኳ አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ አስበው፤ ዛሬ በጉልበትህ እኖርበታለሁ ከምትለው ዘመን ብዙም የሚያንስ አይደለም። እናትህ ደግሞ ዛሬውኑ እዚያ ዕድሜ ላይ ናቸው። ለእሳቸው ብለህ የምታስተካክለው በር ነገ አንተ የምትገባበት በር ነው።

ፎቁን ተወው አላልኩህም። አቅሙ ካለህ ሥራው፣ ግን የራስህን ኑሮ እዚያ ላይ አታውጣው። ደረጃው ከውጭ በኩል ይሁን፤ ላይኛው ክፍል የራሱ መግቢያና የራሱ ሽንት ቤት ይኑረው። አሰበ ተፈሪ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ከመጣ ወዲህ ቤት ፈላጊው ምን ያህል እንደበዛ አንተም ታውቃለህ፤ መሰላም ላይ ቢሆን መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የባንክ ሠራተኛው ቤት ይፈልጋል። አንተ ነጋዴ ነህ፤ በየወሩ ጡረታ የሚቆርጥልህ መሥሪያ ቤት የለህም። ያ ፎቅ ልጆችህ እስኪያድጉ የእነሱ መኝታ፣ ሲያድጉና ሲወጡ ደግሞ የሽምግልናህ ደመወዝ ይሆናል። ገንዘቡ አሁን ካልበቃህ የምድር ቤቱን መሠረትና ኮለን ፎቅ እንዲሸከም አድርገህ አሠራውና ፌሮውን ወደ ላይ አስወጥተህ ጊዜውን ጠብቅ።

አሁን ወደ መሬቱ ልምጣ። የእኛ የጨርጨር አገር ዳገት ነው፤ ይህን ከእኔ የምትማረው አይደለም። ቦታህን አውቀዋለሁ፣ ከመንገዱ ወደ ላይ ይወጣል። ግንበኛው መጥቶ «ግማሹን እንቆርጣለን፣ ግማሹን እንሞላለን» ይልሃል። ይቁረጥ፣ ቤቱ ግን በተቆረጠው መሬት ላይ ይቀመጥ እንጂ በተሞላው ላይ አይውጣ። የተሞላ አፈር ክረምት ሲያልፍበት ይሰምጣል፤ ቤቱም መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል። ጥቁር አፈር ከሆነ ደግሞ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ቁፋሮውን አታቁም፤ ያ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሄዳል። መሙላት ያለበትን በገረጋንቲ እየጠቀጠቁ ይሙሉት። ከቤቱ ጀርባ በተቆረጠው ገደልና በግድግዳው መካከል ሰው የሚያልፍበት ክፍተትና የጎርፍ ቦይ ይተውልህ። ብዙ ሰው ቦታ ቆጥቦ ግድግዳውን ከገደሉ ጋር ያጣብቃል፤ ከዚያ የኋላው ክፍል ዓመቱን ሙሉ ይረጥባል። ያ የኋላ ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ለአሮጊቷ እናት የሚሰጠው ክፍል ነው። እርጥበት ለቁርጥማት ምን እንደሚያደርግ እናትህን ጠይቃቸው።

ከግቢው በር እስከ ሳሎን ያለውን ከፍታ ለካ። ደረጃ ከማሠራት ራምፕ፣ ማለትም ተዳፋት መሄጃ፣ አሠራ። ልኩ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 7 ሜትር ከ20 ይወስዳል፤ ብዙ ይመስላል፣ ግን በአጥሩ ጥግ እያዞርክ ስትወስደው ግቢው ውስጥ መሄጃህ ራሱ ነው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይቧጨር፤ እንደ ሳሎን ሊሾ ካለሰለሱት ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ደረጃ ግድ ካለ የአንዱ ከፍታ ከ15 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ሁሉም እኩል ይሁኑ፣ በሁለቱም በኩል መያዣ ብረት ይኑረው። ያልተስተካከለ ደረጃ ከረጅም ደረጃ የበለጠ ሰው ይጥላል፤ እግር የለመደውን ከፍታ ጠብቆ ነው የሚያርፈው።

የበሩ ደፍ ላይ ከግንበኛው ጋር ትጣላለህ፤ አስቀድሜ ልንገርህ። «ውሃ እንዳይገባ» ብሎ ስንዝር የሚያህል ደፍ ያቆምልሃል። ውሃው እንዳይገባ የሚያደርገው ደፍ ሳይሆን ጥሩ በረንዳ ነው። ጣራውን አንድ ሜትር ተኩል አውጣው፣ የበረንዳውን ወለል በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ አዘቅዝቀው፣ አሸንዳ ግጠምለት። ከዚያ በኋላ ደፉ አያስፈልግም።

ይህን ያህል ስለ ደፍ የማወራው ያየሁትን ስላየሁ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ነበሩ። ቤታቸው ጥሩ ቤት ነው፤ ሽንት ቤቱ ግን እንደ ወጉ ጓሮ፣ ከከብቶቹ በረት ማዶ ነው። ሐምሌ ላይ፣ ሌሊት፣ ካፊያ እየጣለ ወጡ። በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው ባትሪ ይዘዋል፤ ምርኩዙን የሚይዝ እጅ አልቀረም። የሽንት ቤቱ በር ላይ አንድ ደፍ አለ። አንድ እግራቸውን አንስተው ሊያልፉ ሲሉ የቆሙበት እግር ጭቃው ላይ ከዳቸው። ልጆቻቸው የነቁት ውሻው ሲጮህ ነው። በቃሬዛ እስከ መኪና፣ በመኪና አሰበ ተፈሪ፣ ከዚያ ሐረር ተወሰዱ፤ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። ድነው ተመለሱ፣ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ብቻቸውን ደጅ ወጥተው አያውቁም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 65 ዓመት ካለፋቸው ሰዎች ከ28 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት በየዓመቱ ይወድቃሉ። የእኛ አገር ሰው የሚወድቀው ደግሞ በብዛት በዚያች ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ባለች መንገድ ላይ ነው፤ እኔ እንዳየሁት።

ስለዚህ ሽንት ቤቱ ቤት ውስጥ፣ ከእናትህ መኝታ አጠገብ ይሁን። ይህን ስልህ «ሽታው» ትላለህ። ጉድጓዱ ግቢ ውስጥ ይሁን፤ ክፍሉ ብቻ ነው ቤት ውስጥ የሚሆነው፤ በቱቦ ይገናኛሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አገር እንዴት ይሆናል ካልከኝ፣ አንገተ ቆልማማው መቀመጫ በእጅ ሁለት ሦስት ሊትር ውሃ ሲደፉበት ይሄዳል፣ በአንገቱ ላይ የሚቀረው ውሃም ሽታውን ይዘጋዋል። መቀመጫው ወንበር ያለው ይሁን፣ ቁጢጥ የሚባልበት አይሁን። ጉልበት ከዛለ በኋላ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ከባድ ፈተና ነው፤ እናትህ አፍረው አይነግሩህም እንጂ ዛሬም ይቸግራቸዋል። ወለሉ ላይ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አታስነጥፍ፤ ሸካራውን ምረጥ።

አሁን የምነግርህን ብዙ ባለሙያ አይነግርህም። ከመቀመጫው ጎንና ሻወሩ አጠገብ የመያዣ ብረት ያስፈልጋል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ኋላ ቆፍረህ ብሎን ብታስገባበት የሰው ክብደት ሲያርፍበት ተነቅሎ ይመጣል፤ ደግፎ ይይዛል ያልከው ነገር ራሱ ሰውየውን ይጥለዋል። ስለዚህ ግድግዳው ሲደረደር ከወለሉ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ያሉትን ብሎኬቶች ቀዳዳቸውን በአርማታ አስሞላቸው። ብረቱን ዛሬ ባትገዛ ግድ የለም። ቦታውን ግን ከልስኑ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳው፤ ከዓመታት በኋላ የት እንደሆነ የሚያስታውስ አይኖርም። ሥራው ሁለት ባልዲ አርማታ ቢፈጅ ነው።

በሮቹን በሙሉ 90 ሳንቲ ሜትር አድርጋቸው። አናጢው ለሽንት ቤት 60 ወይም 70 ይበቃል ይልሃል፤ ዊልቸር አይገባበትም። ኮሪደሩ ቃሬዛ ይዞ የሚዞር ይሁን፣ ከ120 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ታማሚን በቃሬዛ ማውጣት አቅቷቸው በአንሶላ አንጠልጥለው ያወጡ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ለበሽተኛውም ለተሸካሚውም ሥቃይ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ሕግ አድርጎታል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አዲስ መኖሪያ ቤት ሁሉ ዊልቸር የሚያስገባ መግቢያና በምድር ቤቱ ሽንት ቤት እንዲኖረው አዘዋል። የእኛም አገር የሕንፃ አዋጅ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 624፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር። የግል ቤትህን ግን ማንም አይቆጣጠርልህም። አንተው ለራስህ ሕግ ካላወጣህ በቀር ማዘጋጃ ቤቱ የሚያየው ከወሰን አለማለፍህን ነው።

የመሬት መንቀጥቀጡንም አትርሳ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከእኛ ቁልቁል በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ሲንቀጠቀጥ ስንት ሕዝብ ቤቱን ጥሎ እንደወጣ ሰምተሃል፤ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። የመሠረቱ ማሰሪያ ግሬድ ቢሙም፣ የግድግዳው አናት ማሰሪያ ቶፕ ታይ ቢሙም ቤቱን ዙሪያውን ሳይቋረጥ ይሰረው፤ በፌሮ ላይ አትቆጥብ። ወጣት ሮጦ ይወጣል፣ ሽማግሌ አይሮጥም። ለሽማግሌ መዳኛው ቤቱ ራሱ መቆሙና ቅርብ በር መኖሩ ነው፤ ስለዚህ ከኋላ በኩልም አንድ መውጫ ይኑር።

ስለ ሳሎኑ ደግሞ ባለቤትህ መጅሊስ እንደምታዘጋጅ ነግራኛለች። የሐረርጌ ሰው ያለ ምንጣፍና መከዳ አይሆንለትም፤ የጫቱ በርጫም፣ ሰርጉም፣ ለቅሶውም እዚያው ነው። ነገር ግን ከወለል አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ያለ ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ለመነሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል። አይቼዋለሁ፦ ሰው እንዳያስቸግር ብሎ ውሃ ሳይጠጣ፣ ሽንቱን ይዞ የሚውል አዛውንት አለ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉትን የድሮ ቤቶች ተመልከት፤ መቀመጫው ከቤቱ ጋር አብሮ የተገነባ መደብ ነው፣ ከፍና ዝቅ እያለ አምስት ቦታ። ከእነሱ ተማርና በአንደኛው ግድግዳ በኩል 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ አስገንባ። ፍራሹ ከላዩ ይነጠፍበት፣ በጫፉ በኩል እጅ የሚያሳርፉበት ክንድ ይኑረው። ለዓይንም ያምራል፤ ወጣቱም ሽማግሌውም ጎን ለጎን ይቀመጡበታል።

የእናትህ ክፍል ከፊት ይሁን። ይህን አደራ የምለው ከሁሉ አጥብቄ ነው። ሰው ሲያረጅ የኋላ ክፍል ይሰጡታል፤ «ጸጥ ይበልላቸው» ይባላል። ጸጥታ የሚፈልገው ሥራ ላይ የዋለ ሰው ነው። ቤት የሚውል ሰው የሚፈልገው ድምፅ፣ መንገደኛ፣ «እንዴት አደሩ» የሚል ሰው ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ከወለሉ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ይጀምር፤ አልጋቸው ላይ ሆነው የግቢውን በር ይዩት። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት መመለሳቸውን ያውቃሉ። ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው በረንዳ ላይ አንድ መቀመጫ ይገንባላቸው፣ አላፊው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እንዲያዋራቸው። አጥሩን በሦስት ሜትር ብሎኬት ከዘጋኸው ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ከወገብ በላይ በብረት አድርገው። የእድሩና የአፎሻው ሰው ሲያልፍ ካላያቸው ከሰው ቁጥር እየወጡ ነው የሚሄዱት።

ማዕድ ቤቱን በተመለከተ ከባለቤትህና ከእናትህ ጋር ተማከር፤ እነሱ ያውቁታል። እኔ የምጨምረው ምጣዱ ከመሬት እንዲነሳ ነው። እናትህን የማሽላ እንጀራ አይጋግሩ ብትሏቸው አይሰሙም፤ ጉልቻ ላይ ጎንበስ ብለው ጭሱን ሲውጡ ከሚውሉ ምድጃው 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ ይሠራ፣ ጭስ ማውጫም ይኑረው። የጣራውን ውሃ አጠራቅም፤ አንድ መቶ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አሥር ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ ወደ አንድ ሺህ ሊትር ይጠጋል። ሮቶውን ከቤቱ በላይ ባለው የዳገት በኩል አስቀምጠው፤ ውሃው ያለ ፓምፕ በራሱ ይወርዳል፣ ጀሪካን መሸከምም ይቀራል።

አንድ የቀረኝ የወረቀቱ ነገር ነው፤ ከሲሚንቶው አይተናነስም። ካርታው በአንተና በባለቤትህ በሁለታችሁ ስም ይሁን። አንተ ቀድመህ ብትሄድ ከአባትህ ወገን ማንም፣ እኔም ብሆን፣ ተነስቶ «የዘመዴ ቤት ነው» እንዳይላት። ከዚያ ደግሞ ልጆችህ አድገው፣ አንዱ ደግ ልጅ «አባዬ፣ በስሜ አዙርልኝ፣ ብድር ላውጣበት» ቢልህ አታዙርለት። በክፋት አይደለም የምልህ። ልጅ ደግ ሆኖ ሳለ ሊከስር ይችላል፣ ሊፋታ ይችላል፣ ካንተ ቀድሞ ሊሞት ይችላል፤ ቤቱ በእሱ ስም ከሆነ የእሱ ዕዳና የእሱ ፍቺ አንተን ከመኝታህ ያስነሳሃል። እንዲህ ሆነው በገዛ ግቢያቸው ሰርቪስ ቤት የገቡ አባት አውቃለሁ፤ ሰርቪሱን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ለማውረስ ከፈለግህ ኑዛዜ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ እንዲፈረም ያዛል። ኑዛዜን በሕይወት እስካለህ ድረስ ትሽረዋለህ፣ ትለውጠዋለህ፤ ስጦታን ማስመለስ ግን የፍርድ ቤት ደጅ ጥናት ነው። መስጠት ግድ የሚሆንበት ቀን ከመጣም አንተና ባለቤትህ እስከ ዕለተ ሞታችሁ በቤቱ የመኖርና የመጠቀም፣ የአላባ መብታችሁ በውሉ ላይ ይጻፍ። ሴት ልጅህንም እንዳትረሳት፤ በሕጉ ወንድና ሴት ልጅ እኩል ወራሽ ናቸው፣ ስታረጅ ደግሞ ማን እንደሚያጥብህና እንደሚያበላህ በየቤቱ እያየን ነው።

አሁን ሥራህ ይህ ነው። ፕላኑ ማዘጋጃ ቤት ከመግባቱ በፊት ላክልኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጌ እመልስልሃለሁ። ከዚያ ቁፋሮው ሊጀመር ሲል አንድ ቀን አስቀድመህ መሰላ ና፣ እኔም እመጣለሁ። ሁለት ኪሎ ኖራ፣ ገመድና ሜትር ያዝ። የእያንዳንዱን ክፍል ግድግዳና በር መሬቱ ላይ በኖራ እናሰምረዋለን። እናትህ ምርኩዛቸውን ይዘው ከመኝታ ወደ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ወደ ማዕድ ቤት፣ ከማዕድ ቤት ወደ በረንዳ ይሂዱበት። አልጋቸውን በድንጋይ አስቀምጥላቸውና የት በኩል እንደሚነሱ ጠይቃቸው። ዝም ብለው «ይሁን፣ ጥሩ ነው» ካሉህ አትመን፤ እግራቸውን ተመልከት፣ የት ላይ እንደሚጠብባቸው እሱ ይነግርሃል። ባለቤትህም ዓይኗን ጨፍና በእጇ እየዳበሰች ትሂድበት፤ መብራት በጠፋ ሌሊት እንዲያ ነው የሚኬደው። የጠበበውን በኖራው ላይ እናሰፋዋለን፣ ፕላኑም በዚያው ይስተካከላል። ግንበኛው በማግስቱ ይምጣ።